የዓሣው ገንዳ ወደ እንግዳ መቀበያ አይሂድብን



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች መካከል አንደኛዋ አጭር ብትሆንም እኛን ግን እንቅልፍ ነሥታናለች። በሳይንስ ክፍሉ መስኮት ሥር የተቀመጠው የመስታወት የዓሣ ገንዳ «በላዩ የበቀሉት አረሞች ተወግደው፣ ታጥቦና ተወልውሎ» ወደ እንግዳ መቀበያው ክፍል እንዲዛወር መታሰቡን ትገልጻለች። አስተያየት ያለው እስከ ወሩ መጨረሻ ያቅርብ ስለሚል፣ ላለፉት ሰባት ወራት ከዚያ ገንዳ አጠገብ ያልጠፋነው የተፈጥሮ ሳይንስ ሠልጣኞች አስተያየታችንን እነሆ ብለናል።

ከሁሉ አስቀድሞ «አረም» የተባለው ምን እንደሆነ እንናገር። በገንዳው ላይ ሦስት ዓይነት ተክል አለ። አንደኛው በየሰዉ ሳሎን በጠርሙስ ውኃ ተደርጎ መስኮት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው ሐረግ ነው፤ ፖቶስ ይባላል፤ «መኒ ፕላንት» የሚሉትም አሉ። ሁለተኛው ለሻይ የምንቀጥፈው ናና ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ያዩ ሁሉ የሚስቁብን በእሱ ነው፣ ከጓሮ የመጣ ጎደሬ ነው። የሦስቱም ሥሮች ውኃው ውስጥ፣ ግንዳቸውና ቅጠላቸው ከውኃው በላይ ሆኖ ይኖራሉ። በሥሮቹ መካከል ከአባያ ዓሣ አስጋሪዎች በጀሪካን ያመጣናቸው ስምንት የቆሮሶ ጫጩቶች ይዋኛሉ። አፈር የለም። ማዳበሪያ አይጨመርም። የኤሌክትሪክ ማጣሪያም የለንም። ገንዳው 90 ሴንቲ ሜትር በ40 በ35 ሲሆን 110 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል፤ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ባልዲ ቀድተን በሌላ ባልዲ እንተካለን፣ ጠዋትና ማታ ውኃውን በጣሳ እየቀዳን ከከፍታ እንመልሳለን። ሥራችን ይኸው ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚለን፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከጥፋት ነው፤ ያውም ከራሳችን ጥፋት።

መጀመሪያ ገንዳው ሲመጣ ሌሎች ዓሦች ነበሩበት። ሁለት ወር ያህል ደኅና ሰነበቱ። ከዚያ «እንግዶች ይመጣሉ» ተባለ። እኛም ለግቢያችን ክብር ስንል እጅጌያችንን ሰብስበን ጠጠሩን በዱቄት ሳሙና አሸነው፤ መስታወቱን እስኪያብለጨልጭ ወለወልነው፤ የቆየውን ውኃ በሙሉ ደፍተን ከቧንቧ በቀጥታ አዲስ ሞላንበት። ዓሦቹን መልሰን ስንጨምር ገንዳው እንዴት ያምር ነበር! እንግዶቹም አደነቁ፤ ፎቶግራፍም ተነሡ። በሦስተኛው ቀን ግን ዓሦቹ ውኃው አፍ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር። በሳምንቱ አንድም አልተረፈም። ውኃው ታዲያ እንደ ጠራ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባን ይህ ነው። የሞቱትን ጓሮ ስንቀብር ያዩን አንድ መምህራችን ቆም ብለው ጠጠሩን ተመለከቱና «እናንተ ያጠባችሁት ቆሻሻውን አይደለም፤ ሠራተኞቹን ነው» አሉን።

የትኞቹ ሠራተኞች? አልገባንም ነበር። ሁላችንም በ«ናይትሮጅን ዑደት» ላይ ተፈትነን ያለፍን ሰዎች ነን። ቀስቶቹን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቃላችን እንሥላለን። ያ ሥዕል ግን ከፊታችን ካለው ገንዳ ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ወደኋላ ስናስበው የሚያሳፍረን የዓሦቹ መሞት ብቻ አይደለም፤ ይህኛውም ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚያስወግደውም እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ከስንጥቡ አሞኒያ ይወጣል፤ ኩሱና ሳይበላ የቀረው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ዓይን የማያየው መርዝ ነው፤ ውኃው የጠራ ሆኖ ዓሣው ሊሞት የሚችለው ለዚህ ነው። በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም መርዝ ነው፤ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሱታል፤ ይህኛው ለዓሣ ከሁለቱ እጅግ የቀለለ ነው። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ በማውጣት ሥራቸውን ያስረዳው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው በሁለት ወገን ተከፍሎ ብቻ እንደሚሠራ ሲታመን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚወጣ ባክቴሪያ መገኘቱ ተገለጸ። ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዓሣ ማርቢያ ውኃ ማጣሪያ! የመማሪያ መጽሐፍ የሚታረመው እንዲህ ካለ ሥፍራ ተነሥቶ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ በአዲስ ገንዳ እነዚህ ሠራተኞች ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛ በሳሙናና በክሎሪን በአንድ ቅዳሜ ጨረስናቸው። የቧንቧ ውኃ በክሎሪን የሚታከመው ጀርም እንዲገድል አይደለምን? ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም። አሁን ውኃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ አንድ ሙሉ ቀን ሳንከድን አሳድረን ነው የምንጨምረው፤ ክሎሪኑ በንኖ ይወጣል።

ታዲያ ተክሉ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ቢሠሩም የመጨረሻው ውጤት ናይትሬት ነው፤ ናይትሬት ደግሞ የትም አይሄድም፤ ቀን በቀን ይጠራቀማል። ወይ ውኃውን እየደፉ መኖር ነው፣ ወይ የሚበላለት መፈለግ። ለተክል ናይትሬት ምግብ ነው። አርሶ አደሩ በከረጢት ገዝቶ በማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ዓሣው በነጻ ያመርተዋል ማለት ነው። አሞኒያውንም ቢሆን ሥሮቹ ገና ወደ ናይትሬት ሳይለወጥ ይወስዱታል።

ውኃ ውስጥ ሰጥመው የሚኖሩ ተክሎችም ይህን ይሠራሉ። የቤት ተክል የሚበልጠው ግን ቅጠሉ አየር ላይ በመሆኑ ነው። ውኃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ብርሃኑም ይደክማል። ከውኃው በላይ ያለ ቅጠል ግን ከአየር እንደልቡ ይወስዳል፤ ስለዚህ ፈጥኖ ያድጋል፤ ፈጥኖ ሲያድግ ደግሞ ብዙ ናይትሬት ይመጣል። ሥሩ ውኃ ውስጥ፣ ራሱ ነፋስ ላይ! ስንገምት ከሁለቱ ዓለም የሚሻለውን የያዘ ነው።

ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነም ልንጠቅስ እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሦችና አንድ የውኃ ተክል በአንድ የመስታወት ዕቃ አድርጎ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ዓሣውና ተክሉ ተደጋገፉ፤ ነገር ግን የሚረግፈው ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን አበላሸበት። መድኃኒቱን ያገኘው ቀንድ አውጣ ሲጨምርበት ነው፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ይበላል። (በነገራችን ላይ ይህችን የዋሪንግተንን መድኃኒት እኛ አገር እንዳትሞክሯት እንለምናለን። በአገራችን ወንዞችና ሐይቆች የሚገኙ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ናቸው፤ የረገፈውን ቅጠል በእጅ መልቀም ይበቃል።) ከእርሱም እጅግ አስቀድሞ የቻይና ገበሬዎች በሩዝ ማሳቸው ውኃ ውስጥ ዓሣ ያረቡ ነበር፤ የቺንግቲየን ወረዳ የሩዝና የዓሣ እርሻ እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በአገራችንም ዓሣና አትክልትን በአንድ ውኃ የማልማት ሥራ፣ አኳፖኒክስ የሚሉት፣ በሐዋሳና በሸዋ ሮቢት በአነስተኛ ደረጃ ተሞክሯል።

ጎደሬውን ወደ ገንዳው ያስገባው ግን ቻይናም ለንደንም አይደለም፤ የመመገቢያ አዳራሹ እትዬ ናቸው። ሐረጉን በጠርሙስ ስናሠርፅ አይተው «ልጆቼ፣ ውኃ የሚወድ ተክል ከፈለጋችሁ ጎደሬው ምን በደላችሁ? ወንዝ ዳር እንዴት እንደሚፈነድቅ አላያችሁም?» አሉን። አየት አድርገን ሳቅን። ማታ ስናነብ ግን ጎደሬና ያ የሳሎን ሐረግ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች መሆናቸውን አገኘን። ከዚያው ቤተሰብ ሌላም አለ፤ ነጭ ጥሩምባ የመሰለች አበባ ያላትና ለሠርግ የምትፈለገው ካላ ሊሊ። ሳይንሳዊ ስሟ «ኤትዮፒካ» የሚል አለበት፤ ትውልዷ ግን ከደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ነው። የጥንት ሊቃውንት ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ነው። ወደ ነገራችን እንመለስና፣ እትዬ የነገሩን ጎደሬ ዛሬ በገንዳው ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው። በነጋታው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል።

ሳንሳሳት የሠራነው እንዳይመስልባችሁ ስሕተቶቻችንን ሳንዘረዝር አናልፍም፤ ምናልባት ነገ ለሚሞክር ይጠቅማሉ። በመጀመሪያ ተክሉን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አሰጠምነው። በሁለት ሳምንት ቅጠሉ ለሰለሰ፣ ከዚያም በሰበሰና ውኃውን አገማው። የቤት ተክል የየብስ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ውኃ ውስጥ መተንፈስ አይችልም። በየአገሩ አንዳንድ ነጋዴዎች ድራሲናን የመሳሰሉ የቤት ተክሎችን «የዓሣ ገንዳ ተክል» ብለው ይሸጣሉ፤ ለጥቂት ሳምንት ያምራል፣ ከዚያ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ከነአፈሩ የነቀልነውን ተክል በደንብ ሳናጥብ ከተትነው፤ ገንዳው ጭቃ ሆነ። ደግሞም አፈር የለመደ ሥር ውኃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይበሰብሳል፤ የሚሻለው ከሐረጉ ከአንጓው በታች ቆርጦ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ አዲስ ሥር እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት በቂ ነው። ጎደሬውን ግን ከነኮረቱ አፈሩን አጥበን ነው የተከልነው፤ ኮረቱ ከውኃው ከፍ ብሎ ሥሩ ብቻ እንዲጠልቅ አድርገን። ሦስተኛ፣ ቆሮሶ ሥር ይበላል! አንድ ቀን ጠዋት ስንመጣ የናናው ሥር ተላጭቶ ጠበቀን። አሁን ሥሮቹን ቀዳዳው ጥቃቅን በሆነ የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ አድርገን ከገንዳው ጠርዝ ላይ አንጠልጥለናል።

አራተኛው ስሕተታችን በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነው። «ተክሎቹ ለዓሦቹ ኦክሲጅን ይሰጣሉ» የሚል ቻርት በትልቁ ጽፈን ሰቅለን ነበር። ይህ ለእንዲህ ያለው ተክል ትክክል አይደለም። ቅጠሉ አየር ላይ ስለሆነ ኦክሲጅኑን የሚሰጠው ለአየር ነው፤ ሥሩማ እንዲያውም ከውኃው ይወስዳል። ለዓሦቹ ኦክሲጅን የሚገባው ውኃው ሲናወጥ ነው፤ በጣሳ እየቀዳን የምንመልሰው ለዚህ ነው፤ ዓሦቹንም በቁጥር ያሳነስነው ለዚሁ ነው። ቻርቱን አውርደን አርመነዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ማን ያውቃል ብላችሁ ነው? ይቅር» ብለውን ነበር። የልጆች መምህር ለመሆን ለተዘጋጀ ሰው ይህ ምክር ደግ አይመስለንም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንለፍ። «ትንኝ ያራባል» የሚሉ አሉ፤ ዲላና አካባቢዋ ወባ የማያውቃት አገር ስላልሆነች ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ አናጣጥለውም። በገንዳው ውስጥ ግን ቆሮሶዎቹ የትንኝ እጭ ካገኙ አያስተርፉም። ችግሩ ያለው ዓሣ በሌለበት ጠርሙስ ነው። ስለዚህ በየመኝታ ክፍሉ መስኮት ሐረግ በጠርሙስ ያሳደራችሁ ሁሉ፣ እኛንም ይጨምራል፣ አፉን በጥጥ ወይም በሻሽ ድፈኑት፤ ካልሆነም በየሳምንቱ ውኃውን ለውጡ። ሌላ አደጋ ደግሞ እንጨምርላችሁ፦ የጎደሬም የሐረጉም ጥሬ ቅጠልና ግንድ አፍና ጉሮሮ ይለበልባል። በአጉሊ መነጽር እንጂ በዓይን የማይታዩ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ስላሉበት ነው። ጎደሬ ሳይበስል የቀመሰ የጌዴኦ ልጅ ይህን ከመምህሩ መስማት አያሻውም፤ የከተማ ልጆች ግን መነገር አለባቸው።

«መጫወቻ ነው፣ ከትምህርቱ ያዘናጋል» የሚለው ተቃውሞ ግን በጣም ያሳስበናል፤ ምክንያቱም የሚሰነዘረው ከምናከብራቸው መምህራን ነው። ለመሆኑ ከዚህ ተመርቀን የምንሄደው የት ነው? ቡሌ ነው፤ ገደብ ነው፤ ኮቸሬና ራጴ ነው። ላቦራቶሪ ሲባል ብዙ ጊዜ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን ማለት በሆነበት ትምህርት ቤት፣ ለስልሳና ለሰባ ልጆች ስለ ባክቴሪያና ስለ ናይትሮጅን ልናስተምር ነው። ምን ይዘን? ጠመኔና ቀስት? እኛ በጠመኔና በቀስት ተምረን ዓሣ የፈጀን ሰዎች መሆናችንን ከላይ ተናዝዘናል።

ለምሳሌ ያህል በዚህ ወር የሠራናትን አንዲት ሙከራ እንጥቀስ። ከገንዳው የተቀዳ ውኃ በሁለት እኩል ጠርሙስ ሞላን። በአንደኛው ሥር ያወጣ ሐረግ አደረግን፤ ሁለተኛውን ባዶ ተውነው። ሁለቱንም በአንድ መስኮት ላይ አስቀመጥን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባዶው አልጌ አብቅሎ አረንጓዴ ሆነ፤ ሐረግ ያለበት እንደ ጠራ ቀረ፤ ሐረጉም ሁለት አዲስ ቅጠል ጨመረ። የናይትሬት መለኪያ አላስፈለገንም። ሁለት ጠርሙስና አንድ ቁራጭ ሐረግ፤ ይኸው ነው። ማነው ናይትሬቱን የወሰደው? አልጌውስ ከየት መጣ? ሦስተኛ ጠርሙስ ጨለማ ውስጥ ብናደርግስ? በማስተማር ልምምድ ጊዜ ይህንኑ ጠርሙስ ይዛ የሄደች ጓደኛችን እንደነገረችን፣ ጥያቄውን የጠየቁት ልጆቹ ናቸው፤ እርሷ የመለሰችው ግማሹን ብቻ ነው። ግማሹን «ነገ አንብቤ እመጣለሁ» አለቻቸው። የትምህርት ዕቅዷን አልጨረሰችም፤ ለዚህም ነጥብ ተቀንሶባታል። ይህን ያነሣነው ለማማረር አይደለም። ግን መምህሮቻችን፣ እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ የተሳካው የትኛው ክፍለ ጊዜ ነው?

የነገሩን ክብደት ለማየት ከመስኮታችን ወጣ ማለት ይበቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ ሲበዛባቸው፣ በጌዴኦ ጅረቶች ዳር የሚያልፍ ሁሉ ያንን ሽታ ያውቀዋል። ከቡናው የሚወጣው ገለፈትና ዝልግልግ ስኳር የበዛበት ስለሆነ፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይረባረቡበታል፤ ሲረባረቡም የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። በእኛ ገንዳ ከደረሰው ጋር ነገሩ አንድ ባይሆንም ዘመዳም ነው፦ ከሚችለው በላይ የተጫነበት ውኃ ይታነቃል። የዲላ አካባቢ ጅረቶች ወደ ጊዳቦ ገብተው መጨረሻቸው አባያ ሐይቅ ነው፤ ቆሮሶዎቻችን ወደመጡበት። ለዚህ ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ ደግሞ ሥር ነው። በአንዳንድ ማጠቢያ ጣቢያዎች የቡናው እጣቢ ወደ ጅረት ከመግባቱ በፊት ሥሩ ጥልቅና ጥቅጥቅ ያለ ቬቲቨር ሣር በተተከለበት ቦታ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሣሩ ውኃውን ያዘገየዋል፣ ይጠጣዋል፣ ንጥረ ነገሩን ይመጣል። በመስኮታችን ላይ ያለው ቅርጫት የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ይህን ገንዳ ያየ ሠልጣኝ ነገ በሚያስተምርበት ቀበሌ ስለ ጅረቱ ሲነሣ አፉን ይዞ አይቀመጥም የሚል እምነት አለን።

ደግሞም ሐሳቡ ለዚህ አገር እንግዳ ነው የሚሉን አካባቢያቸውን ልብ ብለው ያዩ አይመስለንም። የጌዴኦ አባቶች ዛፍን ከላይ፣ ቡናን ከመካከል፣ እንሰትን ከጎን አድርገው ሲተክሉ፣ የአንዱ ርጋፊ ለሌላው ምግብ እንዲሆን ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከሌላው ሁሉ ጋር ይህም ታይቶለት ነው። በየጓሮው ያለውን ነገር በመስታወት ውስጥ አድርገን አየነው እንጂ ምን ጨመርን?

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን። ውኃ ላይ የሚበቅል ሁሉ አይተከልም! በአሁኑ ወቅት «ያማረ አበባ አለው» ብሎ እምቦጭ በባልዲ ለማምጣት ያሰበ ሠልጣኝ እንዳለ ሰምተናል። እባክህን ተው! እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም የተሠራጨው በአብዛኛው ለአበባው ውበት ሲባል በሰው እጅ ነው። በአገራችን በቆቃና በአዋሽ እ.ኤ.አ. በ1965 ታየ፤ በጣና እ.ኤ.አ. በ2011 ታወቀ፤ ስንት ሺህ ሰው በእጁ እየነቀለ ሲታገለው እንደኖረ በቴሌቪዥን አይተናል። አባያንም አልማረም። እምቦጭን እንዲያ የሚያደልበው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ያው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። በእኛ ገንዳ ሐረጉ የሚሠራውን ሥራ እምቦጭም ይሠራል፤ ልዩነቱ ሐረጉን የምንቆርጠው እኛ ስንሆን እምቦጭን ግን ጣና እንኳ አልቻለውም። በዚሁ ምክንያት የገንዳችንን ዓሣም ሆነ ተክል ወደ ጅረት አንጥልም፤ የምንቀይረውንም ውኃ የምንደፋው የአበባ መደብ ላይ ነው። (ቆሮሶዎቹ አድገው ገንዳው ሲጠባቸው ምን ልታደርጉ ነው ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦ መልሱ መጥበሻ ነው። እትዬ ቃል ገብተውልናል።)

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ገንዳው ካለበት አይነሣ። እንግዳ መቀበያው ጨለማ ስለሆነ ተክሉ ብርሃን አያገኝም፤ ክፍሉም ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ስለሚውል ውኃውን ጠዋትና ማታ የሚያናውጥ አይኖርም። ማጣሪያ ይገዛለታል ተብሏል፤ እሺ፣ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለማጣሪያው የታሰበው ገንዘብ ባዶ ጠርሙሶችና ሦስት አራት የፕላስቲክ ቅርጫት ቢገዛበት፣ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ሥር ያወጣ ቁራጭ ይዘጋጅለታል። እንግዶች ቢመጡም እሰየው፤ እዚያው ሳይንስ ክፍል ይምጡና ይዩ። የሚያስረዳቸው ተራ ሠልጣኝ እንመድባለን። ጎደሬው ዓሣ ገንዳ ላይ ምን ይሠራል ብለው ቢጠይቁ ደግሞ የምንመልሰው አናጣም።

ይህን ጽሑፍ የማይደግፍ መምህርም ሆነ ሠልጣኝ መልሱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍልን እንጠይቃለን፤ ቦታ እንተውለታለን። ተሳስተን ከሆነም እንደ ቻርቱ እናወርደዋለን።

ለማየት ለሚፈልጉ፦ ዘወትር ሐሙስ ከቀኑ በ10 ሰዓት ውኃ የምንቀይርበት ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ሐረጉን ስለምንገርዝ ሃያ ያህል ቁራጭ ይተርፋል። ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ፤ ሳሙና ያልነካው ይሁን።